አውራ ጣት የሸፈነው መስመር

ሰው መጽሐፍ ሲያነብ ስልክ ከጮኸበት ስልኩን ይረግማል። መጽሐፉ ራሱ ስልኩ ውስጥ ሲሆን ግን ማንን ይርገም?

ድሮ ነገሌ መናኸሪያ አጠገብ ሸራ ዘርግተው መጽሐፍ የሚያከራዩ ሰው ነበሩ። ትምህርቴን ገና በልጅነቴ ያቋረጥኩ ሴት ነኝ፤ ንባቤን ያደላደልኩት በእሳቸው መጻሕፍት ነው። ሽፋናቸው የወለቀ፣ ጥጋቸው በሰው ጣት የወዛ፣ ዳርና ዳሩ ላይ «ተይው ይህን ውሸታም!» ብሎ አንዱ የተናደደ አንባቢ የጻፈባቸው ነበሩ። ሰውዬው አንድ ቀን ሸራቸውን አጥፈው ቻርጀርና የስልክ ሽፋን ወደ መሸጥ ገቡ። እኔም መጽሐፍ እንደራበኝ ቀረሁ።

አዲስ አበባ ያለችው ልጄ ታዲያ «እማ፣ አንቺም ሠልጥኚ» ብላ አንድ ልብ ወለድ በስልኬ ላከችልኝ። የሆነ ሰው ገጽ በገጽ ፎቶ ያነሳው ነው። እንዳለ ሳየው ፊደሉ ጤፍ ያክላል። በሁለት ጣት ስለጥጠው የመስመሩ ግማሽ ይሸሻል። ወደ ቀኝ ጎትቼ ጭራውን አንብቤ ወደ ግራ ስመለስ፣ የትኛው መስመር ላይ እንደነበርኩ ይጠፋኛል። ለራሴ ብቻ ባነብ በታገስኩ። ግን አድማጭ ነበረብኝ።

ጎረቤቴ በዕድሜ የገፉ የቦረና ሴት ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ «አዮ» ይላቸዋል፤ እናት እንደ ማለት ነው። ማንበብ አይችሉም፤ አማርኛው ግን ከእኔ ጋር ሲያወሩ ኖረው አያልፋቸውም። ከሰዓት በኋላ ልብስ ስፌት ቤቴ በር ላይ ይቀመጣሉ፤ እኔ መኪናዬን አቁሜ አነብላቸዋለሁ። ባደጉበት ወግ ተረት የሚሰማ ሰው አፉን ዘግቶ አይሰማም። ተራኪው ትንፋሽ በወሰደ ቁጥር «ኤዬ» ይላል፤ ሰምቻለሁ፣ ቀጥይ ማለቱ ነው። በወረቀቱ ዘመን ይህ ያምር ነበር። በስልኩ ዘመን ግን አለንጋ ሆነብኝ።

«ኤዬ» ይላሉ፤ እኔ ገጹን እያሳደድኩ ነው።

«ይቆዩኝ አዮ፣ መስመሩ ሄደብኝ።»

«ወዴት ሄደ?»

«ወደ ቀኝ።»

«ጥጃ ነው እንዴ? ያዢው እንጂ!»

ታሪኩ እናቷን ሳታስፈቅድ ከወደደችው ሰው ጋር ስለሄደች ልጅና ከብዙ ዓመት በኋላ ልትጠይቃት ስለተነሳች እናት ነው። አዮ ለምን እንዲህ እንደያዛቸው መጠየቅ አላስፈለገኝም። የገዛ ልጃቸው የእናቷን ምርቃት ሳትቀበል ፊልቱ ከተማ ወርዳ አግብታለች። በመካከላቸው ሰላምታ እንኳ አልነበረም። አሁን ወለደችና «እናቴ ትምጣልኝ» ብላ ላከች። አዮም ለቅዳሜ ቆረጡ። መንገዱን አልፈሩትም፤ የፈሩት በሩን ነው።

«በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ምን ይባላል?» አሉኝ። «ያቺ የመጽሐፍሽ እናት ያለችውን ሳልሰማ አልሄድም።»

ዓርብ ከሰዓት ሳነብ፣ የመጽሐፉ እናት የልጇን ሰፈር አፈላልጋ አገኘች። ይኼኔ ስልኩ ጮኸ፤ ደንበኛ ናት፣ «ቀሚሴ ደረሰ?» «አልደረሰም!» ብዬ ብመለስ፣ መጽሐፉ ምንም እንዳላነበብኩ ሁሉ ሽፋኑ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። እንደገና ከመጀመሪያው ወደ ታች፣ ወደ ታች። መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም፤ ባትሪው ቀይ ሆኗል። እናቲቱ በሩ ጋ ደረሰች፣ ልታንኳኳ እጇን አነሳች፣ የስልኩ መስታወት ጠቆረ።

«ኤዬ» አሉ አዮ። ትንሽ ቆይተው ጮክ ብለው፣ «ኤዬ!»

«ሞተ፣ አዮ።»

«ማን? በሩን የሚከፍተው?»

«ስልኩ!»

ቻርጅ ፍለጋ ሰፈሩን ዞርኩ፤ ጄኔሬተር ያለው ፀጉር ቤት እንኳ ተዘግቶ ነበር። በማግስቱ አዮ ለአራሷ የያዙትን ቅቤ አቅፈው፣ አኩርፈውኝ አባዱላ ሚኒባስ ላይ ወጡ።

መብራት የመጣው እሳቸው ከሄዱ በኋላ ነው፤ እልህ አያስጨርስም? ስልኩን ሰክቼ ገና ከማብራቴ በማላውቀው ቁጥር ተደወለ። አዮ የተሳፋሪ ስልክ ለምነው ነው።

«ፊልቱ ደርሻለሁ። ቤቱ ይታየኛል። ምን አለች?»

እንዳነብ ስልኩን ከጆሮዬ ላንሳ፤ ካነሳሁ እሳቸውን አልሰማም። እንድሰማቸው ልተወው፤ መጽሐፉ ያለው እዚያው ጆሮዬ ላይ ነው። ወረቀት ቢሆን በአንድ እጄ ይዤ በሌላው ባወራሁ! ድምፁን በስፒከር ለቀቅኩት፤ የቻርጀሩ ገመድ አጭር ስለሆነ ግድግዳው ሥር ቁጢጥ ብዬ ገጾቹን አሯሯጥኳቸው። በመጨረሻ አገኘሁት። «በሩ ተከፈተ። እናቲቱም እንዲህ አለች፦» ይላል።

ከዚያ ቀጥሎ ጣት ነው። የሰው አውራ ጣት! ፎቶውን ያነሳው ሰው ገጹ እንዳይዘጋበት ተጭኖት፣ መስመሩን ከዳር እስከ ዳር አልብሶታል። ባሰፋው የሚሰፋው ጣቱ ነው። ጥፍሩ ሥር ያለው እድፍ ሳይቀር ይነበባል። እብደት ነው እንጂ በቀሚሴ ጫፍ ሁሉ ጠረግኩት።

«ኤዬ» አሉ አዮ ከፊልቱ።

ለእኔ አንድ ቃል መፍጠር ምን ያቅተኛል? ስንት ልብ ወለድ ያነበብኩ ሴት ነኝ። ግን ሴትዮዋ ቃሉን ይዘው የሚቆሙት እውነተኛ በር ላይ ነው፤ አፌን ያዝኩ።

«አዮ፣ ጣት ሸፍኖታል።»

«የማን ጣት?»

«ፎቶ ያነሳው ሰውዬ።»

«በይው እንጂ፣ ያንሳው!»

«እዚህ የለም እኮ አዮ!»

ባለ ስልኩ ተሳፋሪ ከጎን ሲያጉረመርም ይሰማኛል። አዮ ግን፣ «ከጣቱ በታችስ ምን ይላል?» አሉ።

«ልጅቱ፣ ‹ግቢ እማዬ፣ ፀሐይ ላይ አትቁሚ› አለቻት ይላል።»

«ኤዬ» አሉ። ይህችኛዋ ቀጥይ አትልም ነበር። ስልኩ ተዘጋ።

የሕፃኑ አርባ ካለፈ በኋላ ተመለሱ። ናጋ፣ ቤቱ ናጋ፣ ልጆቹ ናጋ፣ ከብቱ ናጋ፤ ሁሉን «ሰላም ነው ወይ» የሚለው የቦረና ሰላምታ እስኪያልቅ ተቁነጠነጥኩ።

«በሩ ላይ ምን አሉ ታዲያ?»

የለመዱት ቦታ ተቀመጡና ስፌት መኪናው ላይ ያስቀመጥኩትን ስልክ በዓይናቸው ጠቆሙኝ።

«ያ ሰውዬ ጣቱን አነሳ?»

«ኧረ አላነሳም።»

«እንግዲያ እሱ ሲያነሳ እነግርሻለሁ።»