ፎርጂድ ነው ያልኩት ባትሪ

ይህን ለባሌም ለንስሐ አባቴም ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። ለአንተ ለማታውቀኝ አንባቢ ልናገር፤ ፊቴን ስለማታይ ይቀለኛል።

ቡታጅራ ውስጥ የአንድ ሶላር ኩባንያ ሱቅ ኃላፊ ነኝ። ገበያው በፎርጂድ ዕቃ ተጥለቅልቋል፤ ኦሪጅናል ከተባለ ግን እኛ ነን። ዋጋችን ውድ ነው፤ ሰው ስማችንን አምኖ ይገዛል።

ከዚያ አንድ ጭነት መጣ። ባትሪዎቹ ቻርጅ ሲደረጉ እየጋሉ ያብጡ ጀመር። ለዋናው መሥሪያ ቤት ደወልኩ። አለቃዬ አልደነገጠም። ተፎካካሪዎች እግር በእግር እየተከተሉን ስማችን ከጠፋ አለቀልን አለኝ፤ አቤቱታ ይዞ የመጣውን ሁሉ ዕቃው የእኛ አይደለም ብዬ እንድመልስ አዘዘኝ። እሺ አልኩ። ሰው እንዴት እንዲህ በቀላሉ እሺ ይላል? እኔ አልኩ።

ሸምሱ መርካቶ ይነግዳል። አምና ለአረፋ አገር ቤት ሲገባ ለእናቱ የሶላር መብራት ከእኔ ገዛ፤ መርጬ የሰጠሁት እኔው ነኝ። በዓሉ ካለፈ በኋላ ባትሪው ፈነዳ። የሣር ክዳኑ ተያያዘ፤ እናቱ አልወጡም።

ሽማግሌዎች የተቃጠለውን ባትሪ ይዘው፣ ሸምሱንና ወንድሞቹን አስከትለው ሱቄ መጡ። የእኛ መሆኑን ገና ሳልነካው አውቄዋለሁ። ቢሆንም አገላበጥኩት።

«ፎርጂድ ነው» አልኩ። «ከእኔ የገዛኸውን የት አደረስከው?»

ይህቺን ሁለተኛዋን ማንም አላዘዘኝም። ከራሴ ጨመርኩ። ለምን? ሽማግሌዎቹ እኔን ማየት ትተው እሱን እንዲያዩት ነው። አዩት። ወንድሞቹ ለእናቱ ርካሽ ገዝቶ ትርፉን ኪሱ የከተተ ብለው ራቁት። እሱም መኪና ላይ ተለውጦብኝ ይሆናል እያለ ራሱን ይጠራጠር ጀመር። ሰው ደግሞ ፎርጂድ ፈርቶ ወደ ሱቄ ጎረፈ። አለቃዬ አመሰገነኝ፤ እኔም ምስጋናውን ወደድኩት።

በቀደም፣ የዘንድሮው አረፋ ሲቃረብ፣ ሸምሱ ብቻውን መጣ። ከስቷል። ለአክስቱ መብራት ሊገዛ ነው።

«እህቴ፣ በአላህ፣ ኦሪጅናሉን ስጪኝ» አለኝ።

መደርደሪያው ላይ ያለው ያው ጭነት ነበር፤ የተቀየረው ካርቶኑ ብቻ ነው። እጄ አወረደው አልልም፤ እኔ አወረድኩት። ጠቅልዬ ሰጠሁት። መርቆኝ ሄደ።

አለቃዬ ነው ያስገደደኝ አልልህም። ይቅር በለኝም አልልህም፤ ምኑን ይቅር ትለኛለህ፣ ገና እያደረግኩት? የሸምሱ ቁጥር ስልኬ ላይ አለ። እስካሁን አልደወልኩም።