ከሱፍ ውሃ ጋር የተሸጠው ድምፄ

የሱፍ ውሃ ነፍሴ ነበር። ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን ሽታው ከሩቅ ሲመጣ መንገድ እቀይራለሁ። ምክንያቱን ለሰው ተናግሬ አላውቅም፤ የማፍረው በሌላ ሰው ብቻ አይደለማ።

ታቦር በሚባለው ሰፈራችን ባለ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። አፌ አያርፍም፤ ከጠየቁኝ ለቅሶ ቤትም ቢሆን አስተምራለሁ። በስኳር በሽታ የሞቱ ጎረቤታችን ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን አንድ ሽማግሌ፣ «ይሄ ኢንሱሊን ከምን ይሆን የሚሠራው?» ብለው ጠየቁኝ። በዚያው ጀመርኩ። ውጭ አገር ተመራማሪዎች የሰውን የኢንሱሊን ጂን ሱፍ ተክል ውስጥ አስገብተው ከፍሬው ኢንሱሊን አግኝተዋል አልኩ። ቀጠል አድርጌም፣ «የእኛ ሱፍ ውስጥ ግን ጠብታ ኢንሱሊን የለም፤ ያኛውም ቢሆን ተጣርቶ በመርፌ ይወሰዳል እንጂ አይጠጣም» አልኳቸው። ገበያ ውስጥ ቅመምና ጥራጥሬ የሚሸጠው ታደለ አጠገቤ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል። ወሬዬ ሰልችቶት መስሎኝ ነበር።

ወር ቆይቶ ያሳደጉኝ አክስቴ ተዝለፍልፈው ወደቁ። ለዓመታት ኢንሱሊን የሚወጉ ሰው ናቸው። በባጃጅ ሐኪም ቤት ስናደርሳቸው ትንፋሻቸው የበሰበሰ ፍራፍሬ ይሸት ነበር። ሐኪሟ መጨረሻ የተወጉት መቼ እንደሆነ ብትጠይቃቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ልብስ ላመጣላቸው ቤታቸው ስሄድ መድኃኒቱ ፍሪጅ ውስጥ ሳይነካ ተቀምጧል። አልጋቸው ሥር የሱፍ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ተደርድሯል። ኮምጥጧል፤ አንዱማ ሻጋታ አውጥቷል።

በማግስቱ ነፍሳቸው መለስ ሲል፣ «አንተ ስላልክ ነው እኮ ልጄ» አሉኝ።

«እኔ?»

«በጆሮዬ ሰማሁህ። ታደለ ሱቅ።»

እየበረርኩ ሄድኩ። እናቶች ጠርሙስ ይዘው ተሰልፈዋል። የሱፍ ውሃው ባልዲ ላይ ዝንብ ወሯል፤ ታደለ በአንድ ኩባያ ሳያጥብ ይቀዳል፣ ያቀምሳል፣ መልሶ ይነክራል። ለቅሶ ቤት የቀዳኝ ስልኩ ባንኮኒው ላይ ሆኖ እኔን ያስለፈልፈኛል፦ «...ከፍሬው ኢንሱሊን አግኝተዋል።» እዚያ ላይ ይቆምና ከመጀመሪያው ይነሳል። «ግን» ያልኩባት ቦታ የለችም።

«የቀረውን የት አደረስከው?» አልኩት።

«መምህር፣ ያልከውን ነው ያሰማሁት። አንዲት ቃል አልጨመርኩም» አለና ፈገግ ብሎ ኩባያውን ዘረጋልኝ። «ቅመሰው።»

ሽታው አፍንጫዬ ሲገባ የአክስቴ ትንፋሽ መጣብኝ። ደጃፉ ላይ አስመለስኩ። አፌን ጠርጌ ወደ ሰልፉ ዞርኩና፣ «እናቶቼ፣ ይሄ መድኃኒት አይደለም፤ መርፌያችሁን እንዳትተዉ» አልኳቸው። ፊት የቆሙት ሴት ስልኩን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ታዲያ የትኛውን አንተን እንመን?» አሉኝ።

ሁለት ሴቶች ሰልፉን ትተው ሄዱ። ሌሎቹ እዚያው ቆዩ።

ለጤና ጽሕፈት ቤት አመልክቼ ሱቁ ታሽጓል። ድምፄ ግን ዛሬም ከስልክ ስልክ ይዞራል። ታደለን መንገድ ላይ ሳየው ምራቄ አፌ ውስጥ ይመረኛል፤ ሬሳው ከወጣ ሦስት ቀን ሳይሞላው የሟችን በሽታ ገበያ ያወጣ ሰው ነው። ያን የሚለፈልፍ ድምፄንም እጸየፈዋለሁ።

አክስቴ ተርፈዋል፤ መርፌያቸውንም ይወጋሉ። አሁን አንድ ነገር ስነግራቸው «ግን» የምላት እንዳትቀርባቸው እስከ መጨረሻው ይጠብቃሉ። ከዚያ፣ «ጨረስክ?» ይሉኛል።