ሁለቱ ማጣሪያዎችና የጎረቤቴ ሽንኩርት

የካቲት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ። ሰዓቱን የመዘገብኩት የውሃ ልኬት በምይዝበት ደብተር ነው።

ሸዋ ሮቢት በሚገኘው የእህቴ ሆቴል ከገላና ከልብስ መታጠቢያ የሚወጣውን ውሃ በሁለት ደረጃ እያጣራን፣ ከአጥሩ ማዶ ላሉት ሽንኩርት አምራች እንለቅላቸው ነበር። የመጀመሪያው ማጣሪያ እድፉንና የሳሙናውን ቅሪት ያስቀራል፤ ሁለተኛው፣ ሜምብሬን ከሚሉት እጅግ ስስ ገለፈት የተሠራው፣ ጨውን ይይዛል። የዘረጋሁት እኔ ነኝ፤ በወጣትነቴ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ኬሚስትሪ በጡረታዬ ለጎረቤት ቢጠቅም ብዬ።

ያን ዕለት አምራቹ በአጥሩ በኩል ጠሩኝ።

«ጋሼ፣ ውሃው ታሟል።»

«ሐጂ፣ ቅዳሜ ለክቼዋለሁ እኮ!»

«የአንቱ መለኪያ ቅዳሜ ቅዳሜ ነው የሚሠራው። የእኔ ምላስ ሰንበት የላትም።»

ጣታቸውን ነክረው ቀመሱና ተፉት። ለውዱእ፣ ማለትም ከሶላት በፊት ለሚደረገው መታጠብ፣ ውሃ ሲመርጡ ቀለሙን፣ ሽታውንና ጣዕሙን ማየት ከልጅነታቸው ለምደዋል። የሽንኩርቱ ጫፍ ተቃጥሎ ነበር። መለኪያዬን ብነክረው ጨው ከልኩ አልፏል። የዓመቱ ምርታቸው እዚያ መደብ ላይ ነበር።

የልብስ ማጠቢያ ኃላፊዋን ጠየቅኳት።

«በሁለቱ ማጣሪያዎች መካከል ያለው ገንዳ ላይ በረኪና ጨምሬያለሁ። ‹ገንዳው ዘወትር ይጽዳ› ብለው ግድግዳው ላይ የለጠፉት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

እኔ ነበርኩ፤ ያውም ባማረ የእጅ ጽሕፈት። በረኪና የሁለተኛውን ማጣሪያ ገለፈት እንደሚበላው ግን ማንም ያውቀዋል ብዬ ስላሰብኩ አልጻፍኩም። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ይህንኑ ለሐጂው ስናገር አልተቆጡም።

«ይልቅ ዶማ ይዘው ይምጡ፤» አሉኝ።

መሬቱን በወንዝ ውሃ ማጠብ ያስፈልግ ነበር፤ የእርሳቸው የቦይ ተራ ግን ገና ሦስት ቀን ይቀረዋል። ከላይ ያለው ገበሬ ጉዳዩን ሲሰማ፣ የራሱ ማሽላ ውሃ እየጠበቀ ሳለ፣ ተራውን ለቀቀላቸው። እስከ ቀትር ቦይ ስንቀድ ዋልን።

«ዲግሪው ዶማ መያዝም ያስተምራል ለካ!» እያሉ ሐጂው ሳቁብኝ።

አዲሱ ሜምብሬን በተገጠመ ዕለት ቧንቧውን የከፈቱት እርሳቸው ናቸው። ቀምሰው፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ድኗል» አሉ። ከዚያ ስህተት በኋላ ከእኔ እጅ ውሃ መቀበላቸውን ከተሸለምኩት ሁሉ አስበልጬ አመሰግናለሁ። ከልጥፌ ሥርም ስለ በረኪናው አንድ መስመር ጨምሬያለሁ።

ሽንኩርቱ በአብዛኛው አገገመ። ከአጥሩ ሥር ያሉት ሁለት መደቦች ግን ደርቀው ቀሩ። የገደላቸው ጨው ይሁን ሾልኮ ያለፈ በረኪና፣ በጊዜው አፈሩን ስላልመረመርኩ እስካሁን አላወቅሁም።