ከፊልሙ የቀረችው ምዕራፍ

ዓምደ ሚካኤል ባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከመቀጠሩ በፊት ጣና ዳር ካለ ደብር የመጻሕፍት ትርጓሜ ሲማር የኖረ የቤተ ክህነት ልጅ ነው። በሥራ ቀን ክር ያጠነጥናል፤ ቅዳሜ ከሰዓት ግን በሠራተኛው አዳራሽ የሶቭየት ፊልም ሲታይ ከመጋረጃው ጥግ ቆሞ ታሪኩን በአማርኛ ይተርካል። ሩስኪ ያውቃል እንዳትሉ፤ አንዲት ቃል አያውቅም። የሚያውቀው መጽሐፉን ነው። ከእነዚያ ፊልሞች ብዙዎቹ ከመጽሐፍ የተቀዱ ነበሩ፤ የመጻሕፍቱም የአማርኛ ትርጉም በርካሽ ይሸጥ ስለነበር ቀድሞ አንብቦ ይመጣና ከተዋንያኑ ከንፈር ጋር እያስኬደ ይለዋል። ሠራተኛው «የኔታ» እያለ ይቀልድበታል፤ እሱ የቀረ ዕለት ግን የአዳራሹ ግማሽ ባዶ ነው።

በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት የአንድ ወታደር ታሪክ ሊታይ ሆነ። እዚያው ክር ማጠንጠኛ ክፍል አብረውት የሚሠሩት እትዬ ሸዋዬ ፊልም የሚባል ነገር አይተው አያውቁም። አንድያ ልጃቸው አካሉ ለብሔራዊ ውትድርና ኤርትራ ዘምቶ ድምፁ ከጠፋ ቆይቷል።

«ልጁ ይመለሳል?» ብለው ጠየቁት።

«ይመለሳል እንጂ፣ እትዬ። መጨረሻው ምዕራፍ ላይ ከእናቱ ደጅ ይቆማል። አነበብሁት እኮ።»

«እንግዲያስ እመጣለሁ» አሉ።

ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። ትርጓሜ ቤት ያደገ ሰው፣ መምህር «አንድም» እያለ ሐተታውን የፈለገውን ያህል ቢያበዛ ከንባቡ ፈቀቅ እንደማይል ነው የሚያውቀው። ፊልም ሠሪ የመጽሐፉን ምዕራፍ ቆርጦ እንደሚጥል በምን ይጠርጥር?

ቅዳሜ እትዬ ሸዋዬ ከፊት ተቀመጡ። ፊልሙ እስከ መገባደጃው ከመጽሐፉ ጋር ተስማምቶ ሄደ። ከዚያ ወታደሩ ተመትቶ ወደቀ፤ ጓደኞቹ አፈር አለበሱት፤ የአዳራሹ መብራት በራ። ዓምደ ሚካኤል፣ ወታደሩ ቆስሎ ነው ሊል ዳድቶት ነበር፤ ግን መቃብሩን ሁሉም አይቶታል። እንደዚያን ቀን አፍሮ አያውቅም።

በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ መጽሐፉን ይዞ ፋሲሎ ሰፈር እትዬ ሸዋዬ ቤት ሄደ።

«እትዬ፣ አልዋሸሁዎትም። ይኸው መጽሐፉ።»

«አንብብልኛ» አሉት።

እሑድ እሑድ እየመጣ አነበበላቸው። መጨረሻው ምዕራፍ ላይ ሲደርስ እጃቸውን ገጹ ላይ ጫኑ።

«እዚህ ላይ ይቁም። ይችን አካሉ ሲመጣ ያነብልኛል። አስኳላ ያስተማርሁት ለምን ሆነና።»

መጽሐፉን ተቀብለው ሣጥናቸው ውስጥ አኖሩት። እሱም ደስ አለው፤ ጥፋቱን የካሰ መስሎት ነበር።

በዓመቱ የአካሉ መርዶ መጣ። አርባው ከወጣ በኋላ እትዬ ሸዋዬ ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ዓምደ ሚካኤል ቤት መጡና መጽሐፉን ሰጡት።

«በል፣ የቀረችውን አንብባት።»

አነበበላቸው። ወታደሩ ደረሰ፤ እናቱ በሩን ከፈተችለት።

«የጻፈው ሰው ደግ ነው» አሉና ተነሥተው ወጡ።