በማረሻ ብረት የተማርኩት ሙሾ

«በቁሙ አልቅሰሽለት፣ ሞቶ ዓይንሽ ይደርቃል?»

ይህን ያሉኝ ጎረቤታችን እትዬ ሙሉ ናቸው። ያሉኝም በሹክሹክታ አይደለም፤ አባቴ በተቀበረ በሦስተኛው ቀን፣ ወረታ ከቤታችን ደጅ በተተከለው ድንኳን ውስጥ፣ ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ ነው። ያሉት እውነት ነው። አባቴን በቁሙ አልቅሼለታለሁ። ያውም ሰፈሩን ሁሉ አስለቅሼበታለሁ።

አሥር ዓመት ሆነው። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ጎንደር ሁለተኛ ደረጃ እማር ነበርና ለክረምቱ እረፍት ቤት መጥቻለሁ። አባቴ ከብት ነጋዴ ነበር። በበጋ ጣና ዳር የሚያሰማራቸውን ከብቶች ሜዳው በውሃ ሳይሞላ ወደ ከፍታው ያወጣቸዋል። ያን ዓመት ዘገየ። ሐምሌ ገብቶ ወንዞቹ ርብም ጉማራም አፍ አፋቸውን ሞልተው ሳለ፣ «ሦስት ቀን ቢፈጅብኝ ነው፤ በአራተኛው እራት አቆዩኝ» ብሎ ወጣ።

የፎገራን ሜዳ በክረምት ያላየ ሰው ሜዳ ሲባል ሜዳ ይመስለዋል። መንገዱ የት እንደነበር የሚታወቀው ከውሃው በላይ ብቅ ባሉት የቁጥቋጦ ጫፎች ነው። ረግረጉ አንዱ ጋ ቁርጭምጭሚት ነው፣ አንድ እርምጃ ሲቀጥሉ ደረት ነው። አራተኛው ቀን አለፈ፤ አምስተኛውም። እናቴ ከቀትር በኋላ ወደ አውራ ጎዳናው እየወጣች ከሜዳው የመጣን መንገደኛ ሁሉ ትጠይቃለች። አንዱ ርብ ድልድዩን ሊነካ ነው ይላታል፤ ሌላው ሁለት በሬ ሲንሳፈፍ አየሁ ይላታል። ማታ ያንን ለእኔ ትነግረኝና የጓያ ሽሮዋን ሳትቀምስ ትተኛለች።

እኔ ደግሞ እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አልችልም። ስድስተኛው ቀን ላይ አስር አለቃ ደምሴ ዘንድ ሄድኩ። አስር አለቃ ከጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍል እግራቸው ተጎድቶ የተሰናበቱ ሰው ናቸው። አገራቸው ሲገቡ ይዘውት የገቡት ጊታር እንደ ክራር አይታቀፍም፤ ጭን ላይ ይጋደማል። የብረት ክሮቹን ጣት አይጫናቸውም፤ ግራ እጅ በላያቸው ላይ ብረት ያንሸራትታል፣ ቀኝ እጅ ይመታል። ድምፁም አብሮ እየተንሸራተተ ሰው ሲያቃስት ይመስላል። የራሱ ብረት መንገድ ላይ ጠፍቶባቸው ስለነበር፣ ገበያው ዳር ያለ ቀጥቃጭ ከተሰበረ ማረሻ ሌላ ሠርቶላቸዋል።

የሰርግ ዘፈን ያስተምሩኝ አልኳቸው። ሳቁብኝ።

«የሰርግ ዘፈን ይዘላል፤ ብረት ደግሞ መዝለል አይወድም። በዚህ ጊታር ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚማረው ዝግ ያለውን ነው። ከእኛ አገር ዝግ ያለ ከተባለ ሙሾ ነው።»

ረፋዱን ሙሉ አንዷን የሙሾ ዜማ አስያዙኝ። ጊታሩን እስከ ማታ እንዲያውሱኝ ለምኜ ስነሳ አንድ ነገር አሳሰቡኝ፤ ደጅ ተቀምጬ፣ ሰው እያየኝ እንድጫወት። «ሙሾ ተጫዋቹ ሳይታይ ከተሰማ ሙሾ ብቻ ነው» አሉኝ። እሺ አልኩ። ግን ደጅ ብቀመጥ የነጋዴው ልጅ አዝማሪ ሆነች መባሌ ነው። ጊታሩን በጋቢ ጠቅልዬ አስገባሁት፣ እናቴ ወደ ጎዳናው እስክትወጣ ጠበቅሁ፣ ጓዳ ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ስለነበር ማንም አይሰማኝም ብዬ ተማመንኩ። መጀመሪያ ብረቱ ጮኸብኝ፣ ቀጥሎ ተንጫረረ፣ ቆይቶ እሺ አለኝ። ዜማው ሲገባልኝ ቃል አማረኝ። ከየት እንደመጣ እንጃ፣ አፌ ላይ የመጣው ይህ ነው፤

ርብ ሞልቶ ወጣ፣ ሜዳው ባሕር ሆነ፤
ከብቱ ቤቱ ገባ፣ ጌታው ግን መነነ።

ደጋገምኩት። ዝናቡ መቼ እንዳቆመ አላወቅሁም።

«ወንድሜን! ወንድሜን!» የሚል ጩኸት ከደጅ ተሰማ። ጊታሩን ጥዬ በሩን ስከፍት እትዬ ሙሉ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ግቢው መሐል ደረታቸውን ይመታሉ። ከኋላቸው የሰፈሩ ሴቶች በጭቃው እየሮጡ ይገባሉ። ማዶ ሼህ እንድሪስ የሱቃቸውን በር ሲዘጉ አየሁ።

የእኔን ዜማ ሰምተው የመጡ አልመሰለኝም። የመሰለኝ የአባቴ ሬሳ የተገኘ ነው። ወሬውን እነሱ ይዘውልኝ መጡ ብዬ መሬት ላይ ወድቄ ጮህኩ። እነሱ ደግሞ ስጮህ ሲያዩኝ እርግጠኛ ሆኑ። እኔ በእነሱ፣ እነሱ በእኔ ማልቀስ ሆነ። እናቴ ከጎዳናው የተመለሰችው በዚህ መሐል ነው። ማንንም አልጠየቀችም። አጥሩን ይዛ ትንሽ ቆመች፤ ከዚያ ፊቷን በጥፍሯ ቧጨረችው። ደሙ ሲወርድ አየሁ።

አስር አለቃ እያነከሱ ገቡ። አላለቀሱም። ግራና ቀኝ ተመለከቱና «ማን ነው ያረዳችሁ?» አሉ።

እትዬ ሙሉ ወደ እኔ አመለከቱ።

«መርዶ በጎህ ነው የሚነገር፣ ያውም በሽማግሌ» አሉ አስር አለቃ። «በዚህ ሰዓት ማን ነገራት?»

«ኧረ እኔ እንጃ፤ ርብ በላው እያለች በዜማ ስታወርደው ሰማሁ» አሉ እትዬ ሙሉ።

አስር አለቃ ወደ እኔ ዞሩ። ዓይናቸውን አይቼ ገባኝ። ውሸት አልችልም። «ጊታሩ ነው» አልኩ። «ማንም አልነገረኝም። ስለማመድ ነው።»

አንዲት ሴት ሳቅ አመለጣትና አፏን ያዘች። ሌሎቹ ነጠላቸውን እያስተካከሉ አንድ በአንድ ወጡ። እናቴ አልመታችኝም። ፊቷን በቀሚሷ ጫፍ እየጠረገች አንድ ነገር ብቻ አለችኝ፤

«ባይመጣ የገደልሽው አንች ነሽ።»

ከዚያ በኋላ አላናገረችኝም። ያን ማታም፣ በማግስቱም አጥሩ ሥር ተቀምጬ ወደ ሜዳው እመለከት ነበር። የሚሸተኝ እርጥብ ጭድና የከብት በረት ነበር። ሰው ጥላ ሆኖ በታየ ቁጥር እነሳለሁ፤ ቀርቦ ሌላ ሰው ሲሆን እቀመጣለሁ። ቃል ሰው ይገድላል ብዬ አምኜ አላውቅም ነበር። ያን ሁለት ቀን አምኛለሁ።

በስምንተኛው ቀን፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ እስከ ወገቡ ጭቃ የሆነ ሰው አንዲት ጊደር እየጎተተ መጣ። እናቴ አልሮጠችም። ቀረበችና ክንዱን ቆነጠጠችው።

«ምን ሁነሻል?» አላት አባቴ። «ደግሞ ፊትሽን ምን ነካው?»

ውሃው የከብቶቹን ግማሽ ወስዶ ሌላውን በትኖበት፣ እሱን ከአንድ ጉብታ ላይ አግዶት ነው የሰነበተ። እግሩን እያጠብኩለት እኔው ራሴ ነገርኩት። ይቆጣል ስል እሱ የጠየቀው ሌላ ነው።

«ሙሉ አለቀሰች?»

«ከሁሉ በፊት» አልኩት።

«እሷ እንኳ ቅቤዬን አራክሳ ስትገዛኝ ነው የኖረች። እንድሪስስ?»

«ሱቃቸውን ዘጉ።»

«በገበያ ቀን?» አለና በጣም ደስ አለው። ቆይቶ ወደ እኔ ጎንበስ አለ። «አንችስ?»

«እኔ ሲያለቅሱ አይቼ ነው።»

«ግጥሙን የገጠምሽው ግን ማንም ሳያለቅስ ነው።» እግሩን ከገበቴው አወጣ። «እስቲ በያት።»

ያለ ጊታር፣ በባዶ አፌ አልኩለት። አባቴ፣ «ይችን ሙሾ እኔ ቆሜ እስከሄድኩ ድረስ እንዳትነኪያት» አለኝ። ጊታሩን በማግስቱ መለስኩ፤ እስካሁንም ነክቼው አላውቅም።

እንግዲህ እትዬ ሙሉ በድንኳኑ ውስጥ የጠየቁኝ ይህንን ነው። ሦስት ቀን ሙሉ አንዲት እንባ አልወጣችኝም፤ እሳቸው ቆጥረውብኛል። እናቴ አንገቷን ደፋች። አስር አለቃ ደምሴ ከድንኳኑ ምሰሶ ሥር ከዘራቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ጸጉራቸው ነጭ ሆኗል። ቀና ብለው አዩኝ።

«ጊታሩ ቤቴ ግድግዳው ላይ ነው ያለ» አሉኝ። «ብረቷም ከሥሩ አለች። በሩ አልተቆለፈም።»

ተነሳሁ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ በተቀመጡት ሰዎች መሐል አልፌ ወጣሁ።