እትዬ ሳይለመኑ የቀሩ ጊዜ

በይ እንግዲህ ጻፊ። ቡሬ የምትማሪበት ግቢ የሰጡሽን የቤት ሥራ ሰማሁት። አንድ ድርጅት ሲቸገር መሪው ምን አደረገ፣ በምን ዘዴ ተወጣው፣ እሱን ጻፉ አሏችሁ አይደል? መጽሐፋችሁ ላይ ያሉት ሁሉ የውጭ አገር ፋብሪካዎች ናቸው አልሽኝ። እኔ ፋብሪካ አላውቅም። የማውቀው አንድ ወፍጮ ነው። እሱም መሪ ነበረው፣ ችግርም ነበረው፤ ከጠቀመሽ ያውልሽ። ስም ግን አልጠራም። የሞቱትም ያሉትም ልጆች አሏቸው፣ ደግሞ ነገ ቤተ ክርስቲያን ደጅ እንተያያለን።

ጊዜው የደርግ ነው። እናትሽ ገና በሆዴ ነበረች። ያን ጊዜ እንጀራ ከመብላትሽ በፊት የእጅ ወፍጮው ድንጋይ ላይ መንበርከክ አለ። ዶሮ ሳይጮህ ተነሥተሽ፣ መጁን ይዘሽ፣ ወዲያ ወዲህ፣ ወዲያ ወዲህ፤ ሰው ሲነቃ ያንቺ ወገብ አልቋል። ዳጉሳ የሆነ ለታማ አይጣል ነው! ሆዴ እየገፋ ሲሄድ ወደ ድንጋዩ መጎንበሱ አቃተኝ። አማቴ "እኔ ባንቺ ዕድሜ ልጅ አዝዬ እፈጭ ነበር" ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ ጎብጠው የቀሩትም በሱ ነው።

ይህን ስንል ለሴቶች ማኅበራችን የሞተር ወፍጮ መጣ ተባለ። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል፣ ቆርቆሮ ቤት ሠሩለት። ሞተሩን የሚያስነሣ ሰውዬም ከደምበጫ መጣ። የመጀመሪያ ቀን ሲነሣ ጊዜ አህዮቹ ሁሉ በረገጉ፣ እኛ ግን እልል አልን።

ወፍጮው ሊቀመንበር ያስፈልገዋል ተባለና ተሰበሰብን። ስብሰባውን የምትመራው ከከተማ የመጣች ካድሬ ናት፤ ልጅ እግር፣ ጸጉሯን ያጎፈረች፣ ካኪ የለበሰች። ክፉ አልነበረችም። ያገራችንን ወግ አለማወቅ ነው እንጂ።

ማን እንደሚሆን እኛ እናውቃለን። ጠላ ሻጯ እትዬ ናቸው፣ ሌላ ማን ይሆናል? ቤታቸው መንገድ ዳር ነው። ገበያተኛው ሁሉ በጉንም ጨውንም እሳቸው ዘንድ ጥሎ ይሄዳል፤ ጎደለ ተብሎ አያውቅም። አፋቸውስ ብትይ! ሰካራም ወንድ እንኳ እሳቸው ሲቆጡ ቁጭ ይል ነበር።

አንዷ ብድግ ብላ "እትዬ ይሁኑልን!" አለች። እልልታው ቀለጠ።

እትዬ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው፣ "ኧረ ወዲያ! እኔ ምን አውቄ! ደካማ ሴትዮ ነኝ፣ ሌላ ብልህ ፈልጉ" አሉ።

መቼም ይህን ወግ አንቺም ታውቂዋለሽ። ሲሾሙሽ ዘለሽ እሺ ካልሽ "ድሮም ቋምጣ ነበር" ትባያለሽ። እምቢ ትያለሽ፣ ይለምኑሻል። እንደገና እምቢ ትያለሽ፣ እንደገና ይለምኑሻል። በሦስተኛው "እንግዲህ እናንተን ከማስቀይም" ብለሽ ትቀበያለሽ። እኛም ለሁለተኛው ልመና ጉሮሯችንን እየጠረግን ነው።

ካድሬዋ "ፈቃደኛ አይደሉም" ብላ ጻፈችው። "ሌላ ጥቆማ!"

ልመናው ሳይጀመር ተዘጋብን። እትዬ አፋቸው ላይ የያዟት ነጠላ እዚያው ቀረች።

"ጓዶች፣ ጊዜ የለንም! አንቺስ? አዎ፣ አንቺ፣ ልጅ የታቀፍሽው።"

የጠቆመቻት ሙሽሪትን ነው። ሙሽሪት የምንላት ከአዊ በኩል ተድራ የመጣችውን ልጅ ነው፤ ሁለት ወልዳም ስሟ ሙሽሪት እንደሆነ ቀረ። አማርኛውን እንደኛው ትናገራለች፣ ግን በባሏ ዘመዶች ፊት ድምጿ አይሰማም። ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያያት ደነገጠች። ሸንጎ ፊት የታዘዘ ነገር እምቢ አይባልም ብላ "እሺ" አለች። አለቀ። ካድሬዋ አጨበጨበች፣ እኛም ግራ ገብቶን አጨበጨብን።

ስንመለስ እትዬ ከፊት ከፊት ይሄዳሉ። ደረስኩባቸውና "እትዬ፣ ምን ጉድ ነው ይሄ?" አልኳቸው።

"ምን ጉድ አለው? እምቢ አልኩ፣ ሰማችኝ።"

"እንደሱ ማለትዎ አልነበረም እኮ!"

"እሷማ የሰው አገር ልጅ ናት፣ ምን ታድርግ? እናንተስ? ምላሳችሁን ምን ያዘው? ሦስት ጊዜ ቀርቶ ሁለት ጊዜ አልለመንም? ይህን ያህል ነው የረከስኩት?"

አኮረፉ። የእትዬ ኩርፊያ ደግሞ ቀላል አይደለም። ገበያ ሲሄዱ እህላቸውን ጭነው ከተማ ያስፈጩ ጀመር። እሳቸውን አይቶ ሌላውም ተከተለ። ገበያ መሄዱስ መቼ ይቀራል፤ እህሉን እግረ መንገድ ነው የሚያስፈጨው። ከተማ ተራ ሲጠብቅ ገበያው ቢያመልጠውም ያው ሄደ። ከገበያ ቀን ውጭ ያለውን ደግሞ በዓል ይወስደዋል፤ ሚካኤል ነው፣ ማርያም ናት፣ መድኃኔዓለም ነው፣ ሰንበት ነው። በበዓል ማን ይፈጫል? ወፍጯችን በሩ ተዘግቶ ዶሮ ይሰፍርበት ጀመር።

ካድሬዋ መጥታ አየችና ተቆጣች። "መንግሥት ለናንተ ወገብ አዝኖ ወፍጮ ሰጣችሁ፣ እናንተ የዶሮ ቤት አደረጋችሁት! በበዓልም ክፈቱ። ክረምት ሳይገባ ከአውራጃው ኃላፊ ይዤ እመጣለሁ፣ የምመጣውም በበዓል ቀን ነው። ሰው ካላገኘሁ ወፍጮው ተነቅሎ ለሌላ ቀበሌ ይሰጣል።"

የደብሩ ቄስ ይህን ሰሙና "በማርያም ቀን ያ ሞተር ቢጮህ እኔን አያድርገኝ" አሉ። በቃ፣ መሐል ቤት ቆምን። እኔ የታየኝ ድንጋዩ ነው። ሆዴን ይዤ፣ ክረምቱን ሙሉ፣ ከዚያ ድንጋይ ጋር።

ወደ ሙሽሪት ሄድኩ። የተዘጋው ወፍጮ ደጃፍ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች።

"ምን ይሻላል ሙሽሪት?"

"እኔ እንጃ እቴ። እዚህ ቁጭ ብዬ መንገደኛ ነው የማይ። በበዓል ሴቱ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ በዚህ በር ባዶ እጁን ያልፋል። በገበያ ቀን ደግሞ በዚሁ በር እህል ጭኖ ከተማ ይወርዳል።" ምስሩን ትታ ቀና አለች። "ለበዓል ሲመጡ እህሉን እዚህ ቢያኖሩትስ? በማግሥቱ እኛ እንፈጨው። ገበያ ውለው ሲመለሱ ዱቄታቸውን ጭነው ይግቡ። ተራ የለ፣ ወረፋ የለ፣ ገበያውም አያመልጣቸው።"

አሁን ሳቅሽ። "ይሄማ ስትራቴጂ ነው" አልሽኝ። ይሁን፣ እንደሱ ብለሽ ጻፊው። እሷ ግን ይህን ተናግራ ስታበቃ አለቀሰች።

"ምን ያስለቅስሻል? ደግ ነገር አስበሽ!"

"እህሉን እኔ ዘንድ ማን ጥሎ ይሄዳል? እኔን ማን ያውቀኛል? አገሬው የሚያምነው እትዬን ነው። እትዬ ደግሞ ስቀመጥ ይነሣሉ፣ ስመጣ ይሄዳሉ። ሹመታቸውን የቀማኋቸው መስሏቸዋል።"

"አልቀማሻቸውም። የሳቸው ልመና ሳያልቅ ነው የቀረው፣ ቁጣቸውም በሱ ነው።"

ዓይኗን ጠረገችና "ታዲያ ምን ያስቀምጠናል? ሄደን እንጨርሰዋ!" አለችኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እትዬ ቤት ሄድን፤ ሙሽሪት፣ ቄሱ፣ እኔ። ሞተረኛውም ተከትሎናል፣ እሱ ግን ያመጣው ጠላው ይመስለኛል። ሙሽሪት ገና ከመግባቷ እትዬ እግር ላይ ልትወድቅ ስትል ያዟት።

"ምን ሆንሽ? ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ነው የሚመጣ። የታል ድንጋይሽ?"

"ወፍጮውን ልሸከመው ነበር እትዬ፣ ከበደኝ።"

እትዬ ሊስቁ ሲሉ ከንፈራቸውን ነከሱ። ይች አፍ የላትም ያልናት ልጅ!

ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ያን ቀን ሳይለመን የቀረውን ሁለተኛውን ልመና ልንለምን መጥተናል።"

"እኔ እምቢ ብያለሁ፣ አባ።"

"ብለዋል። እሱ የመጀመሪያው ነው። አሁን የሁለተኛውን እምቢታ ይስጡንና ወደ ሦስተኛው እንለፍ፣ ምሳም አልበላን።"

ያን ጊዜ ሳቃቸው አመለጣቸው። እየሳቁም "እምቢ!" አሉ። ሁላችንም ብድግ ብለን "በማርያም! ባባታችን ፊት!" ብለን ለመንን። ሞተረኛው ሳይቀር ዋንጫውን እንደያዘ ተነሣ።

"እንግዲህ እናንተን ከማስቀይም" አሉ እትዬ። ወዲያው ግን ወደ ሙሽሪት ዞረው፣ "ሊቀመንበርነቱን አልነካም። እሱ ያንቺ ነው፣ አንዴ ተጽፏል። እኔ በሩ ላይ እቀመጥልሻለሁ። እህሉን ለኔ ይስጡኝ፣ ምንም ቢሆን እኔን ይጠይቁኝ" አሏት።

ሙሽሪት ቄሱን ቀስ ብላ ጠየቀቻቸው። "አባ፣ በበዓል እህል ይዞ መምጣት ኃጢአት አለው?"

"ለመገበሪያ የሚሆን ስንዴ ስታመጡ ማን ከልክሏችሁ ያውቃል? ሞተሩ አይጩህ እንጂ ጆንያ አፍ የለው!"

በመጣችው ማርያም እትዬ በርጩማቸውን ይዘው ወፍጮው በር ላይ ተሰየሙ። ከቅዳሴ የሚወጣውን ሴት ሁሉ በአባቷ ስም ይጠራሉ። "አንቺ! ባዶ እጅሽን መጥተሽ የማርያምን ደጅ ትሳለሚያለሽ? ነገ ለልጆችሽ ያንን ጸሎት ትጋግሪላቸዋለሽ?" መጀመሪያ ሁለት ሦስት ሴቶች መጡ። ከገበያ ሲመለሱ ዱቄቱ እንደ ሞቀ ሲጠብቃቸው ጊዜ ወሬው ከወንዝ ማዶ ተሻገረ። ሁሉም የጆንያውን አፍ በየራሱ ጨርቅ ያስራል፤ ቀይ ያለው በቀይ፣ የቀሚስ ጫፍ ያለው በቀሚስ ጫፍ። እትዬ ጨርቁን አይተው ባለቤቱን ያውቃሉ።

ካድሬዋ እንዳለችው መጣች፣ በሚካኤል ቀን። ከአውራጃው የመጡት ሰውዬ ኮት የለበሱ፣ ጢማም፣ ዝም ያሉ ናቸው። እኛ በሩን ሞልተነዋል። አህያው፣ ጆንያው፣ ሴቱ፣ መተላለፊያ የለም። ሞተሩ ግን ጭጭ ብሏል።

"ሞተሩ ለምን አልተነሣም?" አለች ካድሬዋ።

ሁላችንም እትዬን አየን። እትዬ ግን ሙሽሪትን አዩ። "ሊቀመንበሯ አለች፣ እሷን ጠይቂ።"

ሙሽሪት ልጇን ለኔ አቀበለችኝና ፊታቸው ቆመች። ድምጿም ተሰማ። "ዛሬ እህል እንቀበላለን። ነገ እንፈጫለን። ተነገ ወዲያም እንፈጫለን። በበዓል ሞተሩን ብናስነሣ አንድም ሰው አይመጣ። ሞተሩ ዝም ሲል ግን ይኸው፣ ይቁጠሩት።"

ሰውዬው አልቆጠሩም። በጆንያዎቹ መሐል ዞሩ፣ አንዱን በእግራቸው ነካ አደረጉ፣ ከዚያ ሞተረኛውን "ሥራ አለህ?" አሉት።

"ሥራ? የጠላ መጠጫ ጊዜ አሳጡኝ እኮ ጌታዬ!"

ፈገግ አሉና ካድሬዋን "እዚሁ ይቆይ፣ እነዚህ ያውቁበታል" አሏት። እሷም፣ ክፉ አልነበረችም አልኩሽ፣ ሮጣ ሙሽሪትን አቀፈቻት። እልልታው ሲቀልጥ ቄሱ ከላይ ከደጀ ሰላሙ ብቅ ብለው ምን እንደሆነ ጠየቁ።

ያ ክረምት ገባ። አንድ ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ ፀሐዩ በግድግዳው ቀዳዳ ገብቶ ፊቴ ላይ ነው። አማቴ አጠገቤ ቆመው በድንጋጤ ያዩኛል።

"ምነው ልጄ? ምጥ ነው? ታመምሽ?"

"ኧረ ደኅና ነኝ። ተኝቼ ነው።"

"ተኝቼ ነው?" አሉ። ዱቄቱ ያለበትን ዕቃ ከፍተው አዩ፤ ሙሉ ነው። ከዚያ ጋቢያቸውን ተከናነቡና እኔ አጠገብ ጋደም አሉ።