ቀዝቃዛዋ ስታንኳኳ

ሰፈሩ «ቀዝቃዛዋ» ነበር የሚላት። በሆስፒታሉ ምድር ቤት አስከሬን አጥባ የምታለብስ ሴት ናት። ሥራውን የጀመረችው ታላቅ እህቷ በተላላፊ በሽታ ሞታ የሚያጥባት በጠፋ ጊዜ ነው። እጅጌዋን ሰብስባ ብቻዋን ገባች። ዋና ነርሷ በር ላይ ቆማ ስታያት ቆየችና «እንዲህ ያለ እጅ ቸግሮናል» አለቻት። ይኸው አሥራ ሁለት ዓመት ሆናት።

በፊቷ ክፉ የተናገራት የለም፤ እጅ መጨበጥ ብቻ ቀረ። መንገድ ላይ ሲያገኟት በአንገታቸው ሰላም ብለዋት እጃቸውን ኪሳቸው ይከታሉ። አንድ ጊዜ የታመሙ ሽማግሌ ጎረቤት ልትጠይቅ ሄደች፤ ሽማግሌው በሳምንቱ አረፉ። ሰውየው ዘጠና ዓመት እንዳለፋቸው ማንም አላስታወሰም፤ «እሷ የነካችው አይከርምም» ተባለ። ከዚያ ወዲህ የሰው በር አላንኳኳችም። የባሰው ነገር እሷም ማመን መጀመሯ ነው። ሕፃን ወደ እሷ ድክ ድክ ሲል እጇን ከኋላዋ ትደብቃለች።

ዝናብ ሲወርድ ባደረበት አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ስትወጣ ጉም መንደሩን ውጦት ነበር። ጎረቤቷ ልብስ ሰፊዋ ከአሮጊት እናቷ ጋር ነው የምትኖረው። ሁልጊዜ በዚያ ሰዓት የስፌት መኪናዋ ድምፅ ይሰማል፤ ያን ዕለት ግን ጭጭ ብሏል። የመስኮቱ መስታወት ከውስጥ አልቦታል። በበሩ ሥር የከሰል ሽታ ይወጣል።

ባለፈው ክረምት ከሰል ያፈናቸው የሁለት ወንድማማቾች አስከሬን ወደ እሷ መጥቶ ነበር። ከንፈራቸው እንደ ጤነኛ ሰው ቀልቶ፣ የተኙ መስለው።

እጇን ወደ በሩ ዘረጋችና መለሰችው። «ባንኳኳና አንድ ነገር ቢሆኑስ?» አለች በልቧ። ምን ያህል እንደቆመች አታውቅም። በመጨረሻ አንኳኳች። መልስ የለም። በመጋረጃው ክፍተት አጮልቃ ስታይ ልብስ ሰፊዋ መሬት ላይ ተዘርራለች። ዓይኗ ተከፍቷል። ቀዝቃዛዋ ወደ ግራ ስትል ዓይኑ ወደ ግራ ይከተላታል፤ ሴትዮዋ ግን አትጣራም፣ አትንቀሳቀስም።

የሰፈሩ ጡረተኛ አስተማሪ ከጉሙ ውስጥ ብቅ አሉ። ሌሎች ጎረቤቶችም ከኋላቸው መጡ።

«ምነው በጠዋቱ ሰው በር ላይ?»

«ጋሼ፣ ከሰል አፍኗቸዋል። በሩን ይስበሩልኝ።»

«መጀመሪያ አንቺ ከዚያ ዞር በይ።»

ሁሉም አፋቸውን በልብሳቸው ሸፍነው ቆሙ። ማንም አልቀረበም። የምታጥባቸው ሙታን እንኳ እንዲህ አስፈርተዋት አያውቁም። ድንጋይ አንስታ መስኮቱን ሰበረች፤ ክንዷን መስታወት እየቀደዳት መቀርቀሪያውን ከፈተችና ገባች። ልብስ ሰፊዋን በብብቷ ይዛ ጎትታ አወጣቻት። እናቲቱ ጓዳ ውስጥ አልጋቸው ላይ ነበሩ። ጥፍራቸው ቀልቷል፤ ትንፋሽ ግን የለም።

«አላልኳችሁም?» አለ አንድ ሰው ከኋላ። «አንኳኳች፣ ሞት ገባ።»

በማግሥቱ ልብስ ሰፊዋ በበሽተኛ ልብስ፣ ግድግዳ ተደግፋ ወደ ሆስፒታሉ ምድር ቤት ወረደች። እናቷ ጠረጴዛው ላይ ተጋድመዋል።

«ስታንኳኪ ሰምቼሻለሁ» አለች። «መነሳት ቢያቅተኝም ድምፅ ማሰማት አያቅተኝም ነበር። በመስኮቱ ሳይሽ ልትወስጂኝ የመጣሽ መሰለኝ። ትንፋሼን ዋጥኩ።»

«እኔም ደጃፍሽ ላይ ቆሜ ቀርቼ ነበር» አለች አጣቢዋ። «ማንኳኳት ፈርቼ።»

«እማዬ ያኔ በሕይወት ነበረች?»

«አላውቅም። እንዲህ ነው ብልሽ ውሸት ይሆንብኛል።»

ከዚያ አጣቢዋ ጨርቁን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ነከረችና ወደ አሮጊቷ ጎንበስ አለች። «እማማ፣ አሁን ክንድዎን ላነሳ ነው።»

«ሁሉንም ታናግሪያቸዋለሽ?»

«ሳልነግራቸው መንካት ይከብደኛል።»

«ይመልሱልሻል?»

«እስካሁን የመለሰልኝ የለም። ቢሆንም ከሰፈራችን ሰው አይብሱም።»

ልብስ ሰፊዋ ሳታስበው ሳቀች፤ ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረ። ሲወጣላት ሁለተኛውን ጨርቅ አንስታ ከጎኗ ቆመች። «እማዬ፣ እግርሽን ላጥብ ነው» አለች።

ከቀብር መልስ፣ ጎረቤቱ በተሰበሰበበት፣ ልብስ ሰፊዋ ተነስታ ነገሩን ሁሉ ተናገረች። «እያየኋት ዝም ያልኩት እኔ ነኝ» አለች። «እናንተም ቆማችሁ ታዩ ነበር።» አስተማሪው አቀርቅረው ቀሩ። በሳምንቱ ግን ቀዝቃዛዋን ቤታቸው ጠርተው ከሰል የሚያነዱበትን ክፍል እንድታይላቸው ለመኗት።

አሁን ጉም በሆነ ጠዋት ሁሉ ወደ ሥራ ስትሄድ የየቤቱን መስኮት እያየች ታልፋለች። አንዳንዱ ኮቴዋን ሲሰማ መጋረጃውን ይዘጋል። አንዳንዱ ደግሞ መስኮቱን ገርበብ ያደርግና ፊቱ ሳይታይ «ደህና አድረናል፣ እህቴ» ይላታል።